ገጽ ሁለት መቶ ሰባት

መብራት በፈረቃ በሚመጣበት፣ ፉሪ ጫፍ ላይ፣ በኪራይ ቤት፣
አንድ የሞተ እንግሊዛዊ አለኝ፣ በገጽ ሰማንያ ብር የምተረጉምለት።
በቅሎ ተከራይቶ የመጣ ነው፣ ዣንጥላና ቀለም ይዞ፣
ቁንጫ የሚያማርር፣ ድንኳኑ ውስጥ ተክዞ።
ሁለት መቶ ስድስት ገጽ አብረን ተጓዝን ያለ ጠብ፣
ሲበርደው እየበረደኝ፣ እሱ ሲራብ ስራብ።

ሁለት መቶ ሰባት ላይ በቅሎዋ ቆመች።
«በንጉሡ ደን» ብሎ ይጀምራል፣ «አደርን» ብሎ ይጨርሳል፤
መሐል ላይ አንዲት ቃል ተጋደመች፦
ፐርሊዩ።

አፌ ውስጥ አዟዟርኋት።
ቆሎ ውስጥ እንዳለች ጠጠር ጥርሴን ነካች፣ ተፋኋት።
ትንሹ መዝገበ ቃላት አያውቃትም።
ትልቁን አወረድሁ፣ ልባሱ የወለቀውን፣
ከ«ኤ» እስከ «ሲ» አይጥ የበላውን።

«ጥንት ነው» ይላል፣ «ንጉሡ አደን ሲያምረው፣ ያገሩን እርሻ ቆርሶ፣
ደን ነው ብሎ ይከልል ነበር፣ የገበሬውን ጎጆ አፍርሶ።
ኋላ አቤቱታ ሲበዛ፣ ዳር ዳሩ ለባለቤቱ ተመለሰ፤
ሚዳቋ ስታልፍበት ግን አትነካም፤ ሕጉ ሙሉ አልፈረሰ።»

የተመለሰ፣ ግን ያልተመለሰ መሬት።
ይህን ለመሰየም ስንት ሰው ተሟገተ፣ በስንት ችሎት?

«ዳርቻ» ብዬ ጻፍሁ፤ ውሃ ውሃ ሸተተኝ፣ ሰረዝሁ።
«ጠረፍ» ወታደርና ኬላ ይዞ መጣ፤ መለስሁ።
«አፋፍ» ገደል አለው። «ጥጋጥግ» ድመት ተኝቶበታል።
አቶ ልሳነወርቅ ደወለ፤ «ጫፍ በይውና እለፊ፣ ማተሚያ ቤቱ ይጠብቃል፤
ላንዲት ቃል የሞተ አንባቢ የለም» አለኝ።
አምስተኛ ቀኔ ነበር። የሻማው ዋጋ ከገጹ በለጠኝ።

በመስኮቴ ሥር፣ ሲመሽ ሲመሽ፣ ኦቦ ሂርጳ ያልፋሉ፤
አስፋልቱን አይከተሉም፤ ኮንዶሚኒየሙን በራሳቸው መስመር ያካልላሉ፦
ከብሎክ አርባ አንድ ጀርባ፣ በልብስ ማስጫው ሥር ሾልከው፣
የፋርማሲውን ጄኔሬተር በስተቀኝ ትተው፣
ኳስ በሚጫወቱት መሐል
(ልጆቹ ለምደዋቸዋል፣ ኳሱን ይይዙላቸዋል)፤
መኪና ማቆሚያው ጥግ ሲደርሱ፣ ምንም በሌለበት፣ ባዶ አየር ላይ፣
ጎንበስ ይላሉ።
ቅርንጫፍ ነበረ እዚያ። የጽድ።

አንድ ቀን ወረድሁና፣ ያች ቃል እንዳስቸገረችኝ ነገርኋቸው።
ሰምተው ሲያበቁ፣ «በቃል ስንት ይከፍሉሻል?» ሆነ ጥያቄያቸው።
«በገጽ ነው» አልሁ።
«እኔን በካሬ ነበር» አሉና ሄዱ።

ያን ሌሊት የመብራት ተራ የኛ አልነበረም።
በሻማ፣ ከፍቺው ግርጌ ያለውን የጉንዳን ጽሕፈት አነበብሁ፦
«ሥርወ ቃሉ፣ መዞር። ሰዎች በእግራቸው ዞረው
ወሰን ሲለዩ፣ የዚያ ዙረት ስም ነው።
በኋላ ነገሩ ያልገባው ጸሐፊ፣ ‹ስፍራ› የሚል ጅራት ቀጠለላት።»

ሻማው ሥር ያነጠፍሁት የውሃ ቢል ነበር፣ ሰም ጠብ ያለበት።
አድራሻ፦ አዲስ አበባ ዙሪያ።

ዞረ። ዙሪያ።
በየታክሲው በር ሲጮኹባት የከረመች፣
በየማህተሙ ጠርዝ የተጣመመች፣
ማንም ሊያያት ብሎ ያልቆመላት።

ጻፍኋት፦ «በንጉሡ ደን ዙሪያ አደርን።»
ስትነበብ ምንም አትመስልም። ሚዳቋዋ የለችባት፣ ችሎቱ የለባት።
«ዙሪያ? ለዚህ ነው አምስት ቀን?» አለ አቶ ልሳነወርቅ፤ እውነቱን ነው።
አንባቢም ሳይደናቀፍ ያልፋል፣ ወደ በቅሎዋ፣ ወደ ቁንጫው።
እኔ ግን እርማቱን ሦስቴ አንብቤያለሁ፤
ሦስቴም፣ እዚያ መስመር ላይ ስደርስ፣
አንገቴን ዝቅ አድርጌ አልፋለሁ።